የሕማማት ቅቤ

ከማሉዲን በዕድሜው ብዙ የሚያስጸይፍ ነገር ገጥሞታል። በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ሲሠራ ሦስት ቀን የሰነበተ የሞተ ጅብ ከካሚዮን ሆድ ሥር በእጁ ጎትቶ አውጥቷል። በቱቦ ቤንዚን ሲስብ ስንት ጊዜ ጉሮሮው ድረስ ወርዶበታል። እንደ ፊታውራሪ ወልደ ገብርኤል ጢም ግን ያስጸየፈው ነገር የለም። ያ ጢም፣ አገር በሙሉ ሽሮና ጎመን ላይ በወደቀበት በዐቢይ ጾም፣ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።

ፊታውራሪ በጎንደር ከተማ ስመ ጥር ጿሚ ናቸው። ልጁን የሚመርቅ ሰው «የፊታውራሪን ጾም ይስጥህ» እስከ ማለት ደርሷል። ሁዳዴ ሲገባ በቅሎ መቀመጥ ትተው ዘንግ ይዘው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምሱም፤ ሰው ሲያያቸው ድምፃቸውን ዝቅ፣ ዐይናቸውን ስልምልም ያደርጋሉ። ቤታቸው ደግሞ ሰው የማይታጣበት ነው፤ የነፍስ አባት ይገባል፣ ባለጉዳይ ይወጣል፣ አሽከር በየጥጉ አለ። እዚያ መሐል እንኳን ዶሮ እንቁላልም መደበቅ አይቻልም። ታዲያ ሰው ከገዛ ቤቱ ተሸሽጎ የሚበላበት ቤት ሲያምረው ምን ያደርጋል? ቤት ላይ ጎማ ይገጥማል። ፊታውራሪም ይህንኑ አደረጉ።

ጣልያን ሲሸሽ አዘዞ ላይ ጥሎት የሄደ አንድ ካሚዮን ነበር። ከማሉዲን ከሌላ ሬሳ ካሚዮን ዕቃ እየነቀለ ሞተሩን አስነሳው። አናጢ ከኋላው ላይ በጥድ ሳንቃ ክፍል ሠራበት፤ የቆርቆሮ ክዳን፣ ቀይ መጋረጃ ያላቸው ሁለት መስኮቶች፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ የላምባ ምድጃ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ ቁልፉ ከፊታውራሪ አንገት የማይወርድ ሣጥን። ከተማው «ባለጎማዋ እልፍኝ» አላት። ፊታውራሪም ለጠየቃቸው ሁሉ «አገር ስዞር ድሃ ቤት አርፌ እንዳላስቸግር ብዬ ነው» ይሉ ነበር። ሰው «አቤት ርኅራኄ!» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። ከማሉዲን ይህን በሰማ ቁጥር መትፋት ያምረዋል።

ለምን እንደቀጠሩት አልጠፋውም። በከተማው ክርስቲያን ሾፌር ጠፍቶ አይደለም። አንድ ቀን በሹፌሩ ወንበርና በክፍሉ መካከል ባለችው ትንሽ መስኮት ብቅ ብለው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «አንተ እስላም ነህ፤ የኛን ጾም ምን ታውቃለህ? ብታወራስ ማን ያምንሃል?» ብለው ሳቁ። ያን ዕለት የሳቃቸው ሽታ በመስኮቷ ገብቶ ማጅራቱ ላይ አረፈ። ከማሉዲን በረመዳን ፀሐይ ምራቁን እንኳን ለመዋጥ የሚያመነታ ሰው ነው። ጾም ከከበደህ ብላ፤ ግን በራህን ከፍተህ ብላ፣ የሚል ነው እምነቱ።

ታዲያ ለምን አልተዋቸውም? አንድ ነገር ይዘውበታል። ከቀሃ ወንዝ ወዲህ ማዶ ለማዶ የምትታይ አንዲት ባዶ ቦታ አለች፤ ድንጋያማ፣ ለእርሻ የማትሆን፣ ለጋራዥ ግን ሸጋ የሆነች። ከማሉዲን አሁን የሚሠራው በሰው አጥር ጥግ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የፈታው ሞተር እንዳይርስ እላዩ ላይ ይተኛበታል። እስላም በስሙ መሬት ማግኘት በዚያ ዘመን ዳገት ነበር። ፊታውራሪ ግን በማኅተማቸው ወረቀት ሊሰጡት ቃል ገብተዋል። «ከፋሲካ በኋላ» ነው የሚሉት ሁልጊዜ። ይህ ሦስተኛው ፋሲካ ነው። ማኅተሙ በደረት ኪሳቸው ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ፊቱን ባጠቆረ ቁጥር ኪሳቸውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል።

በዚያ ዓመት፣ በአርባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ጉዞ ሆነ። ከዳባት አለፍ ብሎ ጥድ አምባ ማርያም የምትባል ደብር አለች፤ ፊታውራሪ ቆርቆሮ አልብሰዋታል። ሕዝቡ ስቅለትን አብረውት እንዲሰግዱ፣ ፋሲካንም አብረውት እንዲያከብሩ ለምኗቸዋል። ከማሉዲን ከመነሳቱ በፊት የዕቃ ሣጥኑን ከፈተና ደነገጠ።

«የግራሶው ቆርቆሮ የት ሄደ? ጎማ ያለ ግራሶ በምን ይዞራል?» ሲል ጠየቀ።

መልስ የሰጠችው የፊታውራሪ ወጥ ቤት ሽታዬ ናት። መንገድ ለመንገድ ምግብ የምታበስለውም፣ ዳገት ላይ ማኪናዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማው ኋላ ድንጋይ የምታስደግፈውም እሷው ነበረች። «አያ ከማሉዲን፣ ቦታ ጠበበ ብለው አስወረዱት። በእሱ ፈንታ ሌላ ማድጋ ተጭኗል» አለችው። የምን ማድጋ እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም ቀና ብላ አላየችውም።

ጠረጴዛው ላይ ለሚያይ ሰው ጉልባን በሰፌድ ተዘርግቷል። ማኪናዋ ከከተማው ወጥታ የኮሶዬን ጠመዝማዛ ስትያያዘው ግን መጋረጃው ወረደ፤ የላምባው ምድጃ መንፋት ጀመረ። በጸሎተ ሐሙስ! ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ገደሉ ከጎማው አንድ ክንድ ርቆ፣ በትንሿ መስኮት የሽንኩርትና የቅቤ እንፋሎት ይጎርፋል። ከማሉዲን አንገቱን በበሩ አውጥቶ ነዳ። ሽታዬ ዳገቱ በጸና ቁጥር ማማሰያዋን ጥላ ትወርዳለች፣ ድንጋዩን አቅፋ ትሮጣለች፣ ተመልሳ ወጡን ታማስላለች። እሷ ራሷ ከትናንት ጀምሮ በባዶ ሆዷ ነው የምትሮጠው። ዶሮው አልቆ ፊታውራሪ ፈረሰኛውን ሲግጡ የአጥንቱ ድምፅ ከሞተሩ በላይ ይሰማው ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ አድረው በስቅለት ጠዋት ተነሱ። ጥቂት እንደሄዱ የቀኝ የፊት ጎማ ጮኸች። ከማሉዲን ድምፁን ያውቀዋል፤ ብረት ብረትን ሲበላ ነው። አቆመና ማኪናዋን በክሪክ አነሳት። ጎማውን ሲፈታ ሙቀቱ ፊቱን ለበለበው። ጎማውን የሚያዞሩት የኩሽኔታው ድብልብል ብረቶች እንደ ፍም ከሰል ግለው ሰማያዊ ሆነዋል። ግራሶው በአረጀው መድፈኛ ቆዳ በኩል አልቆ፣ ውስጡ አቧራ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት ቢሄድ ጎማው ከነቸርኬው ተነቅሎ ገደል ይገባል፤ እልፍኟም ትከተለዋለች።

እዚያው ወድቆ ሲታገል በስተኋላ የበቅሎ ኮቴ ሰማ። የሚስቱ የሐዲጃ ወንድም ቡሽራ ነው፤ ከጥድ አምባ ቆዳ ሊያመጣ ባዶ በቅሎዎቹን እየነዳ ነው። ከማሉዲን ትናንት ኮሶዬ ላይ አቧራ አልብሶት ያለፈው እሱን ነበር።

«አንተ ከማል! የምታለቅሰው ማኪናዋ ናት ወይስ አንተ?» አለ ቡሽራ እየሳቀ። «ምነው በቅሎ ብትገዛ? በቅሎ ግራሶ አትጠይቅም፣ ሣር ነው የምትጠይቀው።»

«ሂድ ወዲያ! ጠፍር ካለህ ወርውርልኝ፤ ይህን ቀዳዳ የምደፍንበት።»

ቡሽራ ከመጫኛው ገመድ ወፍራም ጠፍር ቆርጦ ሰጠው። «ጥድ አምባ ላይ እጠብቅሃለሁ» ብሎ በበቅሎ አቋራጭ ቀደመው። አማቾች ቢሆኑም እንደ ወንድማማች ነበር የሚዋደዱ።

ጠፍሩ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ውስጡ የሚገባው ቅባት ግን የለም። ሽታዬ ያላትን የኑግ ዘይት አመጣች፤ እንደ ውኃ ሆኖ በአንድ ዙር ፈሰሰ። ፀሐይ ከፍ ከፍ እያለ ነው። ፊታውራሪ ነጭ ኩታቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን እያንቀጫቀጩ ዙሪያውን ተመላለሱ። ሕዝቡ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ጿሚው ፊታውራሪ በስቅለት ቀሩ ከሚባል ገደል ቢገቡ ይሻላቸዋል።

«ቅቤ አይሆንም?» አሉ በመጨረሻ።

ከማሉዲን ቀና አለ። «ለጥቂት መንገድ ይሆናል ጌታዬ። ግን ሲግል ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ደግሞ...»

«ዝም ብለህ ቀባ! ወሬ አትቁጠር!»

ሲቀልጥ ደግሞ ይሸታል የሚለውን በሆዱ ጨረሰው። ፊታውራሪ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ከአልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ከፈቱ። ማድጋው ወጣ፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት፣ ለግብዣ የሚነጠር፣ ብጫ ንጥር ቅቤ። አጠገቡ የትናንቱ ዶሮ ትራፊ በድስት ተከድኗል። ከማሉዲን እጁን እስከ አንጓው ማድጋው ውስጥ ከተተና እፍኝ እፍኙን እያወጣ ኩሽኔታው ላይ ለደፈው። ብረቱ ገና ትኩስ ስለነበረ ቅቤው ጠጭ ጠጭ አለ። ጣቶቹ መካከል እየቀለጠ በክርኑ ወረደ፤ እጅጌው ውስጥ ገባ። ሽታዬ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ አማተበች።

«እኔስ ይሁን፣ ታዛዥ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «አንተስ አያ ከማሉዲን፣ ምነው አብረኸን ረከስክ?»

ከማሉዲን የቀሃዋን ድንጋያማ ቦታ አሰበና ጎማውን ገጠመ። በችኮላው ሣጥኑን መልሶ የቆለፈው የለም።

እስከ ዳባት በደህና ሄዱ። ከዳባት በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ፍሬን መያዝ ግድ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ጎማው ይግላል። መጀመሪያ ቀጭን ነጭ ጭስ በቀኝ በኩል ወጣ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ወይ ሽታ! የሠርግ ቤት ጓሮ ሽታ ነበር፤ ቁሌት ተቁላልቶ ቅቤ ሲገባበት የሚሸተው ያ ሽታ። ከማሉዲን ቀስ ቢል ፊታውራሪ በትንሿ መስኮት ጀርባውን በዘንግ ይወጉታል። «ንዳ! ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው!»

ጥድ አምባ ደረሱ። ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲሰግድ የዋለ ነው፤ ከትናንት ማታ ወዲህ እህል በአፉ የዞረ የለም። ግማሹ ሊቀበላቸው ወደ መንገዱ ወጣ። ፊታውራሪ ከደረጃው ወርደው በባዶ እግራቸው አቧራው ላይ ተደፉ፤ ሴቶች በእንባ አዩዋቸው። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ሐብተ ማርያም ጎንበስ ብለው አነሷቸው። በሕማማት መስቀል አይሳለምም፤ መስቀሉ ከዚያ ጢም በዚህ ዳነ።

ያን ጊዜ ነፋስ ዞረ። የቀለጠው ቅቤ ከጎማው መሐል በጠፍሩ ዳር ወጥቶ በጋለው ቸርኬ ላይ ይንጨረጨራል። ሽታው በሰዉ ላይ እንደ ጉም ወረደ። አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ያዙ። ሴቶቹ ምራቃቸውን እየተፉ ተያዩ። አንድ ሕፃን «እማዬ፣ ፋሲካ ደረሰ?» አለ፤ እናቱ አፉን በነጠላዋ አፈነችው። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ከየጓሮው ሮጦ መጥቶ ጎማውን ከበበ፤ ብረቱ ምላሱን እያቃጠለው፣ እያለቀሰ ይልሳል። ሦስት መቶ ሰው በባዶ ሆዱ ቆሞ፣ ውሻ በስቅለት ንጥር ቅቤ ሲልስ አየ።

«ይህ የምን ነገር ነው?» አሉ መምሬ ሐብተ ማርያም።

ፊታውራሪ ለአንድ አፍታም አላመነቱም። «የዚህ የሾፌሩ ነው። እስላም ነው፤ ጾም የለበትም። እኔ ምን አውቅለታለሁ!»

ሕዝቡ ዘወር ብሎ ከማሉዲንን አየው። ከማሉዲን እጁን አየ፤ እስከ ክርኑ ያብረቀርቃል። ይሁን አለ በልቡ። ቅቤ ማንም ቢያነጥረው ቅቤ ነው፤ ለእስላም ነውር አይደለም። መምሬም «እሱማ በሃይማኖቱ ነው፤ ተዉት» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ነበር።

የነገሩ መዘጋት ለውሻ አልተነገረውም። አንዱ ቀይ ውሻ በተከፈተው በር ዘሎ እልፍኟ ውስጥ ገባ። ድስት ተንኳኳ። የዶሮ ቅልጥም ከነመረቁ በአፉ ይዞ ወጣና በሰዉ እግር መካከል፣ በነጩ ነጠላ ሁሉ ላይ ቀይ መረቅ እየረጨ ሮጠ። አሁን ሰዉ ሁሉ ዐይኑን ከከማሉዲን ላይ አንስቶ ፊታውራሪ ላይ ጣለ።

ፊታውራሪ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወዲያው ግን ክንዳቸውን በከማሉዲን ትከሻ ላይ ጣሉ። «እንግዲህ ምስጢሩን አላወጣውም ብዬ ነበር» አሉ በዚያ በሚለሰልሰው የጾም ድምፃቸው። «ይህ ሰው ልቡ ወደኛ ካዘነበለ ቆይቷል። ከጓዳዬ ነው የሚበላው። በስመ አብ የታረደውን ይበላል! ዶሮዋም የሱ ናት። ጾሙን ገና አላስተማርኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጎንደር ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ክርስቲያንና እስላም አብሮ ይኖራል፣ አብሮ ይነግዳል፣ አብሮ ያለቅሳል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም በየቢላዋው ነው። የሌላውን እርድ የበላ ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚባል። አንዲት ሴት በደስታ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሌላዋ በክርኗ መታቻት፤ በሕማማት እልልታ የለም። ከሰዉ ጀርባ፣ በቅሎዎቹን ይዞ፣ ቡሽራ ቆሞ ነበር።

መምሬ ሐብተ ማርያም ብልህ ሽማግሌ ናቸው። ከማሉዲንን አተኩረው አዩት። «ልጄ፣ አንደበት ያለህ ሰው ነህ። ሥጋው ያንተ ነው? ከጌታህ ጓዳ የታረደውን ትበላለህ? ካልሆነ አይደለም በል፤ ማንም አይነካህም።»

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት። ከማሉዲን ሊናገር አፉን ከፈተ። በትከሻው ላይ ያለው ክንድ ከበደው፤ ፊታውራሪ በሌላው እጃቸው የደረት ኪሳቸውን መታ፣ መታ አደረጉ። ሦስት ፋሲካ። በዝናብ ሞተር ላይ መተኛት። ጢማቸው ከጆሮው ሥር ነው፤ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ነው።

«አዎ» አለ። «እበላለሁ።»

ቡሽራ በቅሎዎቹን አዙሮ ሄደ። የቆዳ ግዢውንም ተወው፤ ቁልቁል ወደ ጎንደር ነው የሄደ።

ከማሉዲን እስከ ፋሲካ ማግስት ከማኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ ሽታዬ ከራሷ ድርሻ የምትቆጥብለትን ጉልባን እየበላ ሰነበተ። በስቅለት ማታ ፊታውራሪ በወይራ ቅጠል ተጠብጥበው እንደ ሕፃን ተመርቀው ሲወጡ አያቸው። የፋሲካ ዕለት ካባና ጃንጥላ ተሸለሙ። እሱን ደግሞ ሽማግሌዎች እየመጡ «በርታ ልጄ፣ ሸጋ ነገር አስበሃል» ይሉታል፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ዞሮ ይተፋል። የሚተፋው አሁን በማን ላይ እንደሆነ ለራሱም አልለየለትም።

ማክሰኞ ጎንደር ሲገቡ ፊታውራሪ ቃላቸውን ጠበቁ። ጸሐፊ ጠርተው ወረቀቱን አስጻፉ፤ ሐምራዊ ማኅተም ጠበቅ አድርገው መቱበት። ከማሉዲን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያዘው። ቦታው ተጽፏል፤ ከቀሃ ወዲህ፣ ከነስፋቱ። ከ«ለአቶ» ቀጥሎ ግን ባዶ ነው።

«ስሜ የለም፣ ጌታዬ።»

«ስትጠመቅ የሚወጣልህ ስም ይሞላበታል» አሉ ፊታውራሪ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ። «ሰው ፊት ተናግረህ የለ? እኔንም አታዋርደኝ። ደግሞ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ማኪናዋን አሰናዳት፤ ወደ አይከል እንወጣለን። ከእንግዲህማ ማድጋው ባለቤት አለው!» ሳቁ። ሳቁ እንደዚያው ይሸታል።

ቤቱ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ጠበቀው። ጎረቤት ሰላምታውን በአፉ ጫፍ መለሰለት። ሐዲጃ በሩን ከፈተች፤ ውኃ ሰጠችው፤ ምግብም አቀረበች። ምግቡ ግን በአሮጌ ሸክላ ሰሃን፣ ለብቻው ነበር። እሷና ልጆቹ በሌላ በኩል ከትልቁ ሰሃን ይበላሉ።

«ሐዲጃ፣ አልበላሁም። ወላሂ አልቀመስኩትም።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ይህ ሰሃን ምንድን ነው?»

«ብትበላው ይሻል ነበር» አለች ሐዲጃ። «ብትበላው አፍህን አስጉመጥምጬ ተውበት አድርግ እልህ ነበር። ያልከውን በምን ልጠበው? ወንድሜ በጆሮው ሰምቶ መጥቶ እዚህ ተቀምጦ አለቀሰ። ሰው ፊት ያልከውን እኔ ጓዳ ውስጥ ብትክደው ምን ይረባኛል?»

ከማሉዲን እንቅልፍ ሳይወስደው ነጋ። በጠዋቱ ወደ ፊታውራሪ ግቢ ሄደ። የፋሲካ ሳምንት ነው፤ ዳሱ ውስጥ እንግዳ ሞልቷል፤ ካህናቱ፣ ዳኛው፣ የነፍስ አባታቸው ሳይቀሩ ተቀምጠዋል፤ ሽታዬ በእንስራ ጠላ ታመላልሳለች። እሱ ማንንም ሳያይ ባለጎማዋን እልፍኝ ከዳሱ አፍ ላይ በክሪክ አነሳት። ለማንም ቢሠራ፣ ቅቤ ያለበትን ጎማ ትቶ የሚሄድ ባለሙያ አይደለም። ጎማውን አወለቀና ጠፍሩን ቀደደው።

አምስት ቀን በግለትና በአቧራ የቆየው ቅቤ ተበላሽቶ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ፀጉርና አፈር ይዞ፣ እንደ ቁስል መግል ተንዠርግጎ ወረደ። ሽታው ራሱን ከማሉዲንን ወደ ኋላ አስባለው። ጨርቅ ፈለገ፤ ጨርቁ ሁሉ መንገድ ላይ አልቋል። ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ። ባዶዋን ቦታ አንድ ጊዜ አያት። ከዚያ ወረቀቱን አጨማደደና ኩሽኔታውን አንድ በአንድ ጠረገበት።

ሽታው ዳሱ ውስጥ ገባ። ቁርጥ በእጃቸው የያዙ ሰዎች እጃቸውን ወደ ትሪው መለሱ።

«ኧረ ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?» አሉ የነፍስ አባት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ።

«የዚያ የእስላም ማኪና ነው! ወዲያ ግፋ አንተ!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ።

ከማሉዲን ቆመ። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ሐምራዊው ማኅተም ከቅቤው ጋር ቀልጦ በመዳፉ ላይ ይወርዳል። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ግቢው ውስጥ ላለው ብቻ ሳይሆን ከአጥሩ ውጭ ለሚያልፈውም።

«ቅቤ ነው አባቴ! የፊታውራሪ የሕማማት ቅቤ ነው! ዶሮዋም የእርሳቸው ናት፤ ትራፊዋን የጥድ አምባ ውሻ በላው። እኔ ከጓዳቸው ሥጋ ቀምሼ አላውቅም። በስቅለት ዕለት በሦስት መቶ ሰው ፊት ዋሽቻለሁ፤ የዋሸሁትም ለዚች ወረቀት ነው። ከማሉዲን ነው ስሜ፤ ሌላ ስም የለኝም!»

 የነፍስ አባት ወደ ፊታውራሪ አላዩም፤ እንስራዋን ይዛ ወደቆመችው ወደ ሽታዬ ዞሩ። ሽታዬ እንስራዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በጸሎተ ሐሙስ ነው የሠራሁት አባቴ» አለች። «ይፍቱኝ።»

ፊታውራሪ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ መታ ለማድረግ ግን ማንን እንደሚያስፈራሩ የጠፋባቸው መሰሉ። ከማሉዲን ጎማውን መልሶ ገጠመ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ክሪኩን አወረደ። ቁልፉን እርከኑ ላይ አኖረና በእግሩ ወጣ። የሚከተለውን አላጣውም፤ ነገ ከዚያ ከሰው አጥር ጥግም ሊያስነሱት ይችላሉ።

ሐዲጃ በራፍ ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። የሰማች ትሁን ያልሰማች ከፊቷ አይታወቅም። እጆቹን ዘረጋላት። ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምን ይሸታል ይህ እጅህ?»

«ፊታውራሪ ይሸታል።»

«ወረቀቱስ?»

«ኩሽኔታ ጠረግኩበት። ሰው ፊት ነው የጠረግኩት።»

ሐዲጃ ዐመድና ሳሙና አምጥታ አስታጠበችው፤ ማሰሮው ባዶ እስኪሆን አፈሰሰችለት፤ ሽታው ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ምሳም አቀረበች። እንደ ትናንቱ በአሮጌው ሰሃን ለብቻው ነበር። ከማሉዲን የሚገባኝ ነው ብሎ ዐይኑን ወደ ሰሃኑ ሰብሮ አንድ ጉርሻ ወሰደ። ሐዲጃ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ሰዳ ከእሱ ሰሃን ቆርሳ ጎረሰች።